የደም ኬሚስትሪ ሐኪም እንዴት ይሠለጥናል?

አንድ ሕመምተኛ ከክንዱ ጥቂት ደም ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ከተላከ በኋላ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ የሚመለሰው ቁጥሮች የተደረደሩበት አንድ ወረቀት ነው። ሶዲየም ይህን ያህል፣ ፖታሲየም ይህን ያህል፣ ክሬአቲኒን ይህን ያህል ይላል። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ሳይቀር፣ እነዚህን ቁጥሮች ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቀበላቸዋል። መሣሪያው ለክቷል፣ ወረቀቱ ተናግሯል፣ ከዚያ ወዲያ ምን ጥያቄ አለ ይላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ እውነት መሆኑን የሚመረምር፣ እውነት ከሆነም በዚያ ሕመምተኛ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉም ራሱን የቻለ ስፔሺያሊስት ሐኪም አለ። ሙያው ኬሚካል ፓቶሎጂ ይባላል። በአንዳንድ አገር ክሊኒካል ባዮኬሚስትሪ፣ በሌላው ክሊኒካል ኬሚስትሪ ይሉታል፤ ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው።

ስለዚህ ሙያ በመምህራን መጽሔት ላይ መጻፍ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን አጣምሮ የሚወድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ምን ብማር ይሻላል ብሎ መምህሩን ሲጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም መሐንዲስ ከሚሉት ሦስቱ አያልፍም። ሁለቱን ትምህርቶች ሳይነጣጥል ዕድሜ ልክ የሚያሠራ የሕክምና ዘርፍ መኖሩን የሚነግረው ሰው እምብዛም አያጋጥመውም። ከዚህም ሌላ ይህ ሐኪም በየዕለቱ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች፣ ማለትም ሞል፣ የአዮኖች ሚዛን፣ የመፍትሔዎች መቀዝቀዣ ነጥብና የዕድል ስሌት፣ እኛው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናስተምራቸው ናቸው።

በመሠረቱ ፓቶሎጂ የበሽታን ባሕርይ የሚመረምር የሕክምና ክፍል ሲሆን አያሌ ቅርንጫፎች አሉት። ከሰውነት የተወሰደን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር አለ፤ የደም ሕዋሳትን የሚያጠና አለ፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚያራባና የሚለይ አለ። የኬሚካል ፓቶሎጂ ሐኪም ድርሻ ደግሞ በደም፣ በሽንትና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ውስጥ የሟሟው ንጥረ ነገር ነው። ጨዎች፣ ስኳር፣ ስብ፣ ፕሮቲን፣ ኤንዛይም፣ ሆርሞን፣ መድኃኒትና መርዝ ሁሉ በእጁ ያልፋሉ።

ሙያው ለምን ሐኪምንም ኬሚስትንም በአንድ ሰው ውስጥ እንደሚፈልግ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ በ1902 አልካፕቶኑሪያ ስለሚባለው፣ ሽንት ከቆየ የሚጠቁርበት ሕመም ጽፎ፣ ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚመላለስና ወላጆቹ ብዙ ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች እንደሆኑ አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ፣ አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ በሰውነቱ የኬሚስትሪ መንገድ ላይ አንድ እርምጃ የተቋረጠበት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ከዚህ የሚደንቀው ግን የኖርዌዩ የኢቫር ፎሊንግ ታሪክ ነው። ፎሊንግ ሕክምና ከመማሩ በፊት የኬሚስትሪ ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ነበር። በ1934 አንዲት እናት የአእምሮ እድገታቸው የዘገየ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ልጆቹ ለየት ያለ ሽታ ነበራቸው፤ ሌሎች ሐኪሞች ግን ለዚህ ነገር ቦታ አልሰጡትም። ፎሊንግ በዚያ ዘመን በየሆስፒታሉ የተለመደውን ፈተና ሠራ፤ ሽንቱ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ አደረገ። የጠበቀው ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ሲሆን ያየው ግን አረንጓዴ ነበር። ሌላ ሐኪም ቢሆን ያልታወቀ ውጤት ብሎ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ልጆቹ ይወስዱት የነበረው መድኃኒት ሁሉ እንዲቆም አድርጎ፣ በብዙ ሊትር የሚቆጠር ሽንት አሰብስቦ፣ ቀለሙን የሰጠውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ፌኒልፒሩቪክ አሲድ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያም በየተቋሙ የነበሩ 430 ሕመምተኞችን ሽንት መርምሮ 8 ሌሎች አገኘ። ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ የምንለው በሽታ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1953 በርሚንግሃም ውስጥ ሆርስት ቢክልና ባልደረቦቹ ፌኒልአላኒን የተቀነሰበት ምግብ እንደሚረዳ አሳዩ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካዊው ሮበርት ገትሪ ከሕፃን ተረከዝ በተወሰደና በወረቀት ላይ በደረቀ ጠብታ ደም በሽታውን ገና በጨቅላነት የሚለይ ዘዴ አወጣ። በጊዜ የተገኘ ሕፃን እንደ እኩዮቹ አድጎ ትምህርት ቤት ይገባል። በጊዜ ያልተገኘው አእምሮው ይጎዳል፤ ያ ጉዳት ደግሞ በኋላ አይመለስም።

እስከ 1950ዎቹ ድረስ አንድ ላቦራቶሪ በቀን የሚሠራው ምርመራ በሰው እጅ ፍጥነት የተወሰነ ነበር። በ1957 ሌናርድ ስኬግስ የፈለሰፈው አውቶአናላይዘር የተባለው መሣሪያ ገበያ ላይ ሲውል ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ አንድ ትልቅ መሣሪያ በሰዓት ከአንድ ሺህ በላይ ውጤት ሊያወጣ ይችላል። ቁጥር ማውጣት ቀላል ሆነ፤ የቁጥሩን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ማሠልጠን ግን እንደ ቀድሞው ረጅም ጊዜ ይጠይቃል።

ሥልጠናው ምን ያህል ይፈጃል? ምሳሌ የምናደርገው የብሪታንያን ነው፤ እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ ያደረጉት አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች የሥልጠና ሥርዓታቸውን መጀመሪያ የቀረጹት ከዚያ ወስደው ነውና። በዚያ አገር የሙያውን ፈተና የሚያወጣው በ1962 ተመሥርቶ በ1970 የንጉሣዊ ማዕረግ ያገኘው የፓቶሎጂስቶች ሮያል ኮሌጅ ነው። አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ 5 ወይም 6 ዓመት ሕክምና ይማራል። ከተመረቀ በኋላ 2 ዓመት በልዩ ልዩ የሆስፒታል ክፍሎች እየተዘዋወረ ይሠራል። ቀጥሎ ቢያንስ 2 ዓመት ያህል በውስጥ ደዌ ወይም በተመሳሳይ ክፍል አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ያክማል። ወደ ኬሚካል ፓቶሎጂ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ በውድድር ሲሆን፣ ሥልጠናው ራሱ 5 ዓመት ያህል ይፈጃል። ሲደመር 14 ወይም 15 ዓመት ይሆናል።

ይህን የሚሰማ ተማሪ መደንገጡ አይቀርም። ለላቦራቶሪ ሥራ አልጋ አጠገብ ያን ያህል ዓመት መቆም ለምን ያስፈልጋል ብሎም ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ሠልጣኙ በ5 ዓመት ውስጥ የሚማረውን ጠጋ ብሎ በማየት ነው።

መጀመሪያ የሚማረው ስለ ደም መቅጃ ቱቦ ነው ብንል ነገሩ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ከላቦራቶሪ ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ደሙ መሣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ለምሳሌ ያህል ከአንድ ክፍል የመጣ ወረቀት ፖታሲየም 8.7 ሚሊሞል በሊትር፣ ካልሲየም 1.1 ሚሊሞል በሊትር ይላል እንበል። የጤነኛ ሰው ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5.3 ገደማ፣ ካልሲየም ከ2.2 እስከ 2.6 ገደማ ነው። ፖታሲየም በእውነት 8.7 ከደረሰ ልብ በማንኛውም ደቂቃ ሊቆም ይችላል። በብሪታንያ ከ6.5 ጀምሮ ያለው ውጤት በአስቸኳይ በስልክ የሚነገር ነው። ሆኖም ሠልጣኙ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያያል። ለደም ሕዋሳት ቆጠራ የሚያገለግለው፣ ክዳኑ ሐምራዊ የሆነው ቱቦ በውስጡ የኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው አለበት። ኢዲቲኤ የኬሚስትሪ መምህራን ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚለውን ውሃ ካልሲየም በታይትሬሽን ለመለካት የሚጠቀሙበት ነው፤ ካልሲየምን አጥብቆ ይይዛል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውም ለዚሁ ነው። ደም የቀዳው ሰው አንዱ ቱቦ ጎድሎበት ከሐምራዊው ጥቂት ጨምሮበት ከሆነ፣ ፖታሲየሙ ከጨው ተጨምሯል፣ ካልሲየሙ በኢዲቲኤ ተይዟል ማለት ነው። ሕመምተኛው ምንም አልሆነም። ነገር ግን ይህን ያላወቀ ሐኪም ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ቢሰጠው፣ ጤነኛ የነበረው ፖታሲየም ከልክ በታች ይወርድና ያልነበረው አደጋ ይመጣል።

በተቃራኒውም ይኸው ፖታሲየም የኩላሊት ሥራ በቆመበት ሰው ላይ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የናሙና ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ሰውን መግደል ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ካልሲየሙን ያያል፣ ክሬአቲኒኑን ያያል፣ ወደ ክፍሉ ደውሎ የልቡ ምት በኤሌክትሮካርዲዮግራም እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ አዲስ ደምም ያስቀዳል። አልጋ አጠገብ የቆየባቸው ዓመታት የሚያገለግሉት ለዚህች የስልክ ጥያቄ ነው። ሕመምተኛ አክሞ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ሁለተኛው የሥልጠናው ትልቅ ክፍል አዮኖችን ማመዛዘን ነው። በፈሳሽ ውስጥ ያለው የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ሙል እኩል መሆን እንዳለበት ለተማሪዎቻችን እንነግራቸዋለን። ሐኪሙ ይህንኑ ሕግ ይዞ ከሶዲየም ላይ ክሎራይድንና ባይካርቦኔትን ይቀንሳል። በጤነኛ ሰው የሚቀረው ከ8 እስከ 12 ገደማ ሲሆን፣ የማይለኩ ኔጋቲቭ አዮኖች ድርሻ ነው። ሶዲየም 138፣ ክሎራይድ 100፣ ባይካርቦኔት 8 ቢሆን ቀሪው 30 ይሆናል። አንድ ያልታወቀ አሲድ ደሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። አሲዱ ሕክምና ካላገኘ የስኳር በሽታ፣ ደም በቂ ኦክሲጅን ካለማግኘቱ፣ ከኩላሊት ድክመት ወይም ከመርዝ ሊመጣ ይችላል።

መርዙ በአካባቢያችን ብዙ ሕይወት ያጠፋው ሜታኖል ሊሆን ይችላል። በኡጋንዳ በ2010፣ በኬንያ በ2014 ሜታኖል የተቀላቀለበት አልኮል የጠጡ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ ከተረፉትም ዓይናቸው የጠፋ አሉ። ሜታኖልን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በብዙ ሆስፒታል የለም። ሆኖም የኬሚካል ፓቶሎጂ ሠልጣኝ በሌላ መንገድ ይደርስበታል። በደም ውስጥ የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን፣ ሶዲየምን በ2 አባዝቶ ስኳርንና ዩሪያን በመደመር በግምት ይሰላል። ሶዲየም 138፣ ስኳር 5፣ ዩሪያ 5 ሚሊሞል ቢሆን 286 ይመጣል። ከዚያ የዚያኑ ደም መቀዝቀዣ ነጥብ ይለካል። አንድ ሞል የሟሟ ነገር የአንድ ኪሎ ውሃን መቀዝቀዣ ነጥብ በ1.86 ዲግሪ ዝቅ እንደሚያደርግ የምናስተምረው ነው። ስሌቱ 286 ካለ ደሙ መቀዝቀዝ ያለበት ከዜሮ በታች 0.53 ዲግሪ ላይ ነው። መሣሪያው 0.63 ላይ ቢቀዘቅዝ፣ የሟሟው መጠን 340 ነው ማለት ነው። ልዩነቱ 54 ሚሊሞል ሲሆን በተለመደው ሁኔታ ከ10 አይበልጥም። እንግዲህ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ልዩነት ደሙ ውስጥ ማንም ያልለካው ባዕድ ነገር መኖሩን ያስታውቃል። ልዩነቱ በሙሉ ሜታኖል ቢሆን፣ በ32 ሲባዛ በሊትር 1.7 ግራም ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሜታኖል ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው በጉበት ኤንዛይም ተለውጦ የሚፈጠረው ፎርሚክ አሲድ ነው። ሕመምተኛው ዘግይቶ ከመጣ ሜታኖሉ አልቆ ወደ አሲድ ተለውጧል። ያን ጊዜ የመቀዝቀዣ ነጥቡ ልዩነት ይጠፋል፣ የአዮኖቹ ቀሪ ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ አንደኛው ስሌት ደኅና ነው ያለውን ሕመምተኛ ሁለተኛው ሊያጋልጥ ይችላል፤ ሠልጣኙ ሁለቱን በሰዓቱ ላይ አስቀምጦ ማንበብ አለበት። ሕክምናው ደግሞ ፎሜፒዞል የተባለው መድኃኒት ወይም፣ እርሱ በሌለበት፣ ኢታኖል ነው። ኢታኖል ኤንዛይሙን ከሜታኖል ቀድሞ ስለሚይዘው መርዙ ወደ አሲድ ሳይለወጥ ከሰውነት ይወጣል። ተማሪ የሚስቅበት ሕክምና ነው፤ ኬሚስትሪው ግን ትክክል ነው።

የሒሳብ መምህራንም ድርሻ አላቸው። በውጤት ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈው የጤነኛ ሰው ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኞች 95 በመቶው የሚገኙበት ነው። ይህም ማለት ከ20 ጤነኞች 1ዱ ምንም ሳይሆን ከወሰኑ ውጭ ይወድቃል። አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርሳቸው የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ቢደረጉለት፣ ሁሉም በወሰን ውስጥ የመገኘታቸው ዕድል 0.95 ለ20 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.36 ይሆናል። በሌላ አነጋገር ከመቶ ጤነኞች 64ቱ ቢያንስ አንድ የታመመ የሚመስል ቁጥር ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለጥንቃቄ ሁሉንም መርምሩልኝ የሚለው የዘመኑ ልማድ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅሙ ጭንቀቱ ቢበዛ አያስደንቅም።

ሠልጣኙ ከዚህ በተጨማሪ የመሣሪያዎችን አሠራር፣ በየቀኑ የሚደረገውን የጥራት ቁጥጥር፣ የላቦራቶሪ አስተዳደርን ይማራል፤ በእነዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። መጥቀስ የሚገባው ግን ይህ ሐኪም ከላቦራቶሪ ውጭ የራሱ ክሊኒክ ያለው መሆኑ ነው። በብሪታንያ ሥልጠናው የሜታቦሊዝም ሕክምናን አጣምሮ የያዘ ነው። የደም ስብ በዘር የበዛባቸውን፣ የኩላሊት ጠጠር የሚመላለስባቸውን፣ አጥንታቸው የሳሳውን፣ የስኳር ሕመምተኞችን፣ በአፋቸው መብላት ተስኗቸው በደም ሥር የሚመገቡትን፣ እንዲሁም ፎሊንግ ያገኘው ዓይነት በሽታ ይዘው ያደጉትን ሰዎች ተቀብሎ ያክማል።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሲሆን የሙያውን ሳይንስ በሙሉ ይጠይቃል። ሁለተኛው የተግባርና የቃል ፈተና አለበት፤ በዚያ ላይ ሠልጣኙ በራሱ የሠራውን ጥናት ወይም የጽሑፍ ሥራ ያቀርባል። በቃል ፈተናው ላይ የሚጠየቀው እንደ እኛ ተማሪዎች ስሌቱን መሥራት ብቻ አይደለም። ቁጥሩን ለማመን ወይም ላለማመን ምክንያቱን እንዲናገር፣ ለክፍሉ ሐኪም በስልክ ምን እንደሚል እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ሁኔታው ከክፍለ አህጉር ክፍለ አህጉር ይለያያል። በምዕራብ አፍሪካ ሙያው ሥር ሰድዷል። በናይጄሪያ በ1979 የተቋቋመው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ ሕክምና ኮሌጅና የምዕራብ አፍሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በኬሚካል ፓቶሎጂ ስፔሺያሊስት ያስመርቃሉ። በደቡብ አፍሪካ ሠልጣኙ 4 ዓመት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተቀጥሮ እየሠራ ይማራል፣ የአገሪቱ የሕክምና ኮሌጆች የሚሰጡትን ፈተና ይወስዳል፣ የማስተርስ ጥናትም ይጽፋል። ላቦራቶሪዎቹን የሚያስተዳድረው በ2001 የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና ላቦራቶሪ አገልግሎት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ግን የፓቶሎጂ ሥልጠና ለረጅም ጊዜ ያዘነበለው ወደ ሥጋ ምርመራ ነው። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። የፓቶሎጂ ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ካንሰርን የሚለይ ሰው ሳይኖር የደም ጨው የሚተረጉም ይቅደም ማለት ያስቸግራል። በናይሮቢ የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ፓቶሎጂ፣ ማለትም ኬሚስትሪውን፣ የደም ሕዋሳቱንና ተሕዋስያኑን በአንድነት በያዘ ዘርፍ፣ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የፓቶሎጂስቶች ኮሌጅም አገሮቹ ተባብረው እንዲያሠለጥኑ የተቋቋመ ነው። በኢትዮጵያ የላቦራቶሪውን የኬሚስትሪ ክፍል በአብዛኛው ተሸክመው የሚገኙት የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስቶች ናቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በክሊኒካል ኬሚስትሪ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራቸዋል። እነዚህ ባለሞያዎች ቁጥሩ በትክክል እንዲወጣ የሚያደርጉ ናቸው። የሚጎድለው ቁጥሩን ይዞ ወደ አልጋው የሚሄድ፣ ከአካሚው ሐኪም ጋር እንደ ባልደረባ የሚከራከር ስፔሺያሊስት ሐኪም ነው። ይህ ጉድለት በወረቀት ላይ አይታይም፤ ፖታሲየም 8.7 ብሎ የመጣ ውጤት በሌሊት አንድ ጀማሪ ሐኪም እጅ ላይ ሲወድቅ ነው የሚታየው።

በአካባቢው የሠለጠነ ሰው መኖሩ ሌላም ጥቅም አለው። የኩላሊትን ሥራ ከክሬአቲኒን ለማስላት በ2009 የወጣውና በዓለም የተሠራጨው ቀመር፣ ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 አባዙ ይል ነበር። ቁጥሩ የተገኘው ከአሜሪካ ጥቁሮች ሲሆን፣ በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች ግን ማባዣው የታመመን ኩላሊት ከእውነቱ የተሻለ አስመስሎ እንደሚያሳይ አመለከቱ። በ2021 ማባዣው ከቀመሩ ወጣ። ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ የአንድ ገበሬና የአንድ የከተማ ሰው ጡንቻና ምግብ ደግሞ አንድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ሕዝቡን የሚያውቅ ነው።

ሕክምና ለመማር ነጥቡ ያልበቃው ተማሪም ከዚህ ዓለም የተገለለ አይደለም። በብሪታንያ የሳይንስ ዲግሪ ይዘው በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሳይንቲስቶች የዚያኑ ሮያል ኮሌጅ ፈተና ተፈትነው ላቦራቶሪ ይመራሉ። በኢትዮጵያም በሕክምና ላቦራቶሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙ በኋላ እስከ ማስተርስ መቀጠል ይቻላል።

ለክፍል የምትሆን አንዲት ጥያቄ እናክል። ከአንድ ጤና ጣቢያ በጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የተቀዳ ደም ሳይጣራ በተራ ቱቦ ውስጥ ቆይቶ በ8 ሰዓት ሆስፒታል ደረሰ። ስኳሩ ሲለካ 54 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ ሰውዬው ግን ምንም አይሰማውም። ደሙ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ሕዋሳቱ በሕይወት ስላሉ ስኳሩን ይበሉታል፤ በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ተማሪዎች በሰዓት 6 በመቶ ብለው ቢያሰሉ፣ 0.94 ለ6 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.69 ይሆናል፤ 54 ለ0.69 ሲካፈል ደግሞ 78 ይመጣል፤ ይህም የጤነኛ ሰው ስኳር ነው። የባዮሎጂ መምህር ፍሎራይድ ያለበት ቱቦ ይህን መቀነስ እንዴት እንደሚያግድ በግላይኮሊሲስ መንገድ ላይ ኢኖሌዝ የተባለውን ኤንዛይም አሳይቶ ሊጨምርበት ይችላል። የኬሚካል ፓቶሎጂ ሐኪሙ ግን በስሌት ያገኘውን 78 በወረቀት ላይ አይጽፍም፤ ትክክለኛው ቱቦ ተልኮ አዲስ ደም እንዲቀዳ ያዛል።